ሦስተኛው ካናቴራ

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ ሣዪዋ ካናቴራ ላይ የሚለጠፍ አንድ ጥቅል ወርቃማ ቫይኒል በብብቷ ሸጉጣ የጓደኛዋን በር ስትገፋ ያረረ ጨርቅ ሽታ ተቀበላት። ለደንበኛ ሲባል ቀን ቀን የማይቆለፈው በር እንደወትሮው ገርበብ ብሎ ነበር። ሁለት ጊዜ ተጣራች። መልስ ስታጣ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባች፤ ያን ጊዜ ጥቅሉ ከብብቷ ወደቀ።

የቤቱ እመቤት በጀርባዋ ተዘርራለች። ጭንቅላቷ ከመተኮሻው ማሽን ጠረጴዛ የብረት ጥግ ሥር ነው። መስኮቱ አጠገብ፣ የቫይኒል ጥቅሎች ከተደረደሩበት መደርደሪያ በታች፣ አንድ የእንጨት ዱካ በጎኑ ወድቋል። ማሽኑ ተከድኖ ይጤሳል። ሣዪዋ መጀመሪያ የማሽኑን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለች፤ ቀጥሎ የጓደኛዋን እጅ ያዘች፤ እጇ ቀዝቅዟል። ለፖሊስ የደወለችው ከዚያ በኋላ ነው።

ሟቿን የሰፈሩ ልጆች «እትዬ ብልጭልጭ» ይሏት ነበር። በቤቷ አንድ ክፍል ውስጥ ለልደት፣ ለምርቃት፣ ለኳስ ቡድን በሚያብረቀርቅ ቫይኒል ካናቴራ ታስጌጣለች። ሣዪዋ ጽሑፉንና ሥዕሉን በኮምፒውተር ታዘጋጅላታለች፤ የሟቿ ታናሽ እህት በየጠዋቱ መጥታ ከተቆረጠው ቫይኒል ላይ ትርፉን በቀጭን መንጠቆ ትለቅምላታለች። መተኮሱ ግን የራሷ የእትዬ ብልጭልጭ ሥራ ነበር። የልጅ ስም በእጇ ተተኩሶ ደረት ላይ ሲያበራ ማየት ነፍሷ ነበር። ራሷ ልጅ አልወለደችም፤ ስለዚያም ስታማርር የሰማ የለም።

የተላከችው መርማሪ በመሥሪያ ቤቷ «መርፌ» ትባላለች። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ በገባችበት ቀዳዳ ሁሉ ክር ሳታስከትል ስለማትወጣ ነው። ስትገባ ማንንም አላዋከበችም። በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን እንደ መጽሐፍ ከግራ ወደ ቀኝ አነበበችው።

ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ ጓንቱን እያወለቀ፣ የራስ ቅሏ ከኋላ መሰንጠቁን፣ ነገሩም ከጠዋቱ ሁለት ተኩል እስከ አራት ባለው ጊዜ ውስጥ ሳይደርስ እንዳልቀረ ነገራት።

«ወድቃ ነው?» አለችው።

«ወድቃ ነው። ምን እንደጣላት ግን ቁስሉ አይናገርም።»

መርፌ ከዱካው እስከ ጠረጴዛው ጥግ ያለውን ወለል በእርምጃዋ ለካች። ሦስት እርምጃ ሙሉ ነው። ከዱካ ላይ የወደቀ ሰው ሥሩ ይወድቃል እንጂ ሦስት እርምጃ አይበርም። ዱካውን ሌላ ሰው አጋድሞታል ማለት ነው።

ቀጥሎ ማሽኑን አስከፈተች። ውስጡ ያለው ካናቴራ ቡናማ እስኪሆን አሯል። በላዩ ሙቀት የማያቀልጠው ስስ ጨርቅ፣ ባለሙያዎቹ ቴፍሎን የሚሉት፣ አራቱ ማዕዘን እኩል ሆኖ ተነጥፏል። ቴፍሎኑን ስታነሳው ወርቃማ ፊደሎች አብረው ተነሡ። «የሚጡ እናት» የሚለው ጽሑፍ በካናቴራው ፈንታ ቴፍሎኑ ላይ ተጣብቋል። ፎቶ አስነሣች።

ከጠረጴዛው ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስና ትራስ አየች። ከተሰቀሉት ካናቴራዎች መካከል አንድ ትንሽዬ፣ በሮዝ ቀለም «ሚጡ አንድ ዓመቷ» የሚል የሕፃን ልብስ አለ። ከቆሻሻው ቅርጫት ውስጥ ደግሞ የተጨባበጡ የቫይኒል ትርፎች ነበሩ። ቅርጫቱ እንዳለ ታሽጎ እንዲወሰድ አዘዘች።

ሣዪዋ ጓሮ ተቀምጣ እጇን እያሻሸች ትጠብቅ ነበር። ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ገበያ ውስጥ ቫይኒል ስትመርጥ ቆይታለች፤ ባለ ሱቁ ይመሰክርልኛል አለች። ከወር በፊት ከሟቿ ጋር መኳረፋቸውን ሳትጠየቅ ተናገረች። አንድ ሥዕል ለሌላ ባለሙያ ሰጥታ ኖሮ እትዬ ብልጭልጭ ሳምንት ሙሉ ዘግታት ነበር።

«ሌላ ሰው ከሚነግርሽ እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው» አለች። «በኋላ ታርቀናል።»

መርፌ የማሽኑን ፎቶ አሳየቻት። ሣዪዋ አገላብጣ አየችና ቅንድቧን ሰበሰበች።

«ተገልብጦ ነው የተቀመጠው። ሙጫው ወደ ጨርቁ መዞር ነበረበት፤ ወደ ላይ ዞሯል። ይሄን ጀማሪም አይሳሳተው። ደግነቱ ቴፍሎን ነበረበት፤ ባይኖር ሙጫው ብረቱ ላይ ተጋግሮ ማሽኑ አይረባም ነበር።»

መርፌ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በማስታወሻዋ ጻፈች።

ባልየው የተማሪዎች ሰርቪስ ሹፌር ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ልጆቹን አድርሶ፣ እስከ ቀትር አውቶቡሱ ውስጥ ተኝቶ እንደነበር ተናገረ። ሲተኛ ያየው ሰው የለም። ከሚስቱ ጋር ተጣልተው እንደሆነ ስትጠይቀው አንድም ክፉ ቃል አልተለዋወጥንም አለ። እውነቱን ነበር፤ ዓይኑ ግን ወለሉን አይለቅም።

«ከጠረጴዛው ሥር ያለው ብርድ ልብስስ?»

«ሥራ ሲበዛባት እዚያው ታድራለች።»

«ማሽኑን ይነኩታል እርስዎ?»

«እኔ? ማብሪያው የት እንደሆነም አላውቅ። ‹አንተ ካልሲህንም ገልብጠህ ነው የምትለብሰው፣ እጅህን ሰብስብ› ትለኝ ነበር።» ፈገግ ሊል ሞከረና ፊቱ ተሰበረ።

ታናሽ እህቷ ሁለት መንገድ አልፎ ባለ አንድ ቤት ውስጥ ከሕፃን ልጇ ጋር ትኖራለች። የሚጡ እናት እሷ ናት። አባትየው ልጅቷ ሳትወለድ ሥራ ብሎ ርቆ የሄደ ቀያሽ መሆኑን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ያየው ግን የለም። መርፌ ስትገባ እህትየው ዓይኗ አብጦ፣ ድምፅዋ ጠፍቶ አገኘቻት። ያን ጠዋት ሚጡን አተኩሷት ስለነበር ወደ ሥራ እንዳልሄደች፣ እስከ ቀትር ልጇን ታቅፋ እቤት እንደዋለች ተናገረች። መርፌ የማሽኑን ፎቶ ስታሳያት ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችው።

«እህቴ በሕይወቷ እንዲህ አታደርግም። ይሄን ያደረገው ሥራውን የማያውቅ ሰው ነው።»

«ማን ይመስልሻል?»

እህትየው ፎቶውን መለሰችላት። «እኔ ማንንም አልወነጅልም» አለች። «እዚያ ቤት ሥራውን የማያውቅ ሰው ግን አንድ ነው።»

መርፌ አመስግና ወጣች። መንገድ ላይ ቆም ብላ አሰበች። ዱካውን ያጋደመ ሰው ነገሩ አደጋ እንዲመስል ፈልጓል። ታዲያ አደጋ ማስመሰል የፈለገ ሰው ቫይኒሉን ለምን ይገለብጣል? ባለማወቅ ከሆነ ጣቱ ወደ ባልየው ይቀሰራል። ነገር ግን ፊደል የሚገለብጥ አላዋቂ፣ ቴፍሎን ማንጠፍን ከየት አመጣው?

በማግስቱ የእህትማማቾቹ እናት ቤት የሄደችው ለምርመራ ብቻ አልነበረም፤ ነፍስ ይማር ሳይሉ ማለፍ ደግ አይደለም ብላ ነው። አሮጊቷ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሚጡ እግራቸው ሥር የማንኪያና የክዳን ገበያ ዘርግታ ትንጫጫለች።

«ትኩሳቱ ተሻላት እማማ?» አለቻቸው ልጅቷን እያየች።

«የምን ትኩሳት ልጄ? ደኅና ናት፣ ደህና ትበላለች። እሷስ ባትኖር ምን እሆን ነበር። ያን ዕለትም ጠዋት እናቷ ‹ለአንድ ሰዓት ያዢልኝ› ብላ ጥላልኝ ሄዳ፣ መርዶው ሲመጣ በእቅፌ ነበረች። ሕፃኗን እንዳልጥል ብዬ ነው ያልወደቅሁት።»

መርፌ አሮጊቷን እጅ ነስታ ወጣች። ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

በማግስቱ ሣዪዋን ቢሮዋ አስጠራችና ሥራውን ከሀ እስከ ፐ እንድታሳያት ለመነቻት። ሣዪዋም አሳየቻት። ጽሑፉ ተገልብጦ በቫይኒሉ ጀርባ በኩል ይቆረጣል። ከፊደሎቹ ዙሪያ ያለው ትርፍ ይለቀማል፤ ፊደሎቹ ብቻ ብርሃን የሚያሳልፈው ስስ ፕላስቲክ ላይ ይቀራሉ። ሙጫው ወደ ጨርቁ፣ ፕላስቲኩ ወደ ላይ ሆኖ በሙቀት ይተኮሳል፤ ፕላስቲኩ ሲላጥ ፊደሎቹ ቀንተው ያበራሉ።

«ትርፉስ?» አለች መርፌ።

«እሱማ ቆሻሻ ነው።»

ከቅርጫቱ የመጡትን የተጨባበጡ ትርፎች ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰች። ሙጫ ስላላቸው ተጣብቀዋል። ሁለቱ ሴቶች በመንጠቆና በትዕግሥት አንድ በአንድ ዘረጓቸው። ሮዙ ትርፍ ፊደሎቹ በነበሩበት ቦታ ክፍት ሆኖ «ሚጡ አንድ ዓመቷ» ይላል። ወርቃማው «የሚጡ እናት» ይላል። ሦስተኛው ሰማያዊ ነበር። ፊቱን አዙረው ሲዘረጉት ሣዪዋ መንጠቆውን አስቀመጠች።

ክፍቶቹ «የሚጡ አባት» ይላሉ።

«ይሄን እኔ አልሠራሁትም» አለች ሣዪዋ ቀስ ብላ። «ሁለት ብቻ ነው ያዘዘችኝ። ይሄን ራሷ ጽፋው ነው።»

«ባዶ ካናቴራዎቹን ማን ገዛ?»

«እኔ። ሦስት። አንዱ ትልቅ የወንድ ነበር። የማን ነው ስላት ‹የባሌ ልክ ነው› አለችኝ። ሌላ አልጠየቅሁም።»

ሮዙ ተሰቅሏል፤ ወርቃማው አሯል። ሰማያዊው ግን እቤት ውስጥ የለም። መርፌ የፍተሻ ፈቃድ ጠየቀች።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በፊት አራቱንም ሟቿ ቤት ሰበሰበቻቸው። ሣዪዋ በሩ አጠገብ፣ ባልየው መስኮቱ ሥር፣ እህትየው ከእናቷ ጎን ተቀመጡ። ሚጡን አንዲት ጎረቤት ይዛላቸዋለች። መርፌ አልተቀመጠችም። ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ማስተማር እንደሚወድ ሰው ሳይሆን መናገር እንዳስጠላው ሰው ጀመረች።

በመጀመሪያ ስለ ዱካው ተናገረች፤ እትዬ ብልጭልጭ ከዱካ እንዳልወደቀች፣ ማሽኑ አጠገብ ቆማ ሳለ ተገፍታ እንደወደቀች። ከዚያ ስለ ተገለበጠው ጽሑፍ አነሣች።

«ይሄን ያደረገ ሰው ሁለት በር ነው የከፈተው» አለች። «ወድቃ ነው ከተባለ ነገሩ እዚያው ይቀበራል። አይደለም ከተባለም፣ ጽሑፉ ስለተገለበጠ ሥራውን የማያውቅ ሰው ይፈለጋል። በዚህ ቤት ሥራውን የማያውቁት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት» ብላ ወደ ባልየው ዞረች። «ያን ጠዋት የት እንደነበሩ የሚመሰክርልዎ ሰው የለም። ያንን የሚያውቅ ሰው አስቦበታል።»

ባልየው አንገቱን ቀና አደረገ።

«ግን ቴፍሎኑ ነበር። ሥራውን የማያውቅ ሰው ማሽኑ ቢበላሽ ምን ገዶት? ሙጫው ወደ ላይ መዞሩን የሚያውቅ፣ ዞሮም ብረቱን እንደሚያበላሽ የሚያውቅ እጅ ነው ቴፍሎኑን አራት ማዕዘን አስተካክሎ ያነጠፈው። አእምሮ አላዋቂ ለመምሰል ወሰነ፤ እጅ ግን ልማዱን አልተወም። ሥራውን የምታውቁ ደግሞ ሁለት ናችሁ። ሣዪዋን ባለ ሱቁ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አልተለያትም፤ ከዚያ በፊት ደግሞ እቤቷ ከደንበኛ ጋር ነበረች።»

መርፌ የምትለው ለእናትየው ገና አልገባቸውም ነበር። መርፌ አሁን ወደ እህትየው ሄደች።

«አንቺ ልጅሽ አተኩሷት እቤት ነበርኩ አልሽኝ። እናትሽ ደግሞ፣ ክፉ ሳያስቡ፣ ያን ጠዋት ሚጡ እሳቸው ጋ እንደነበረች ነገሩኝ።»

አሮጊቷ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

መርፌ ሰማያዊውን ትርፍ ከፖስታ አውጥታ ዘረጋችው። ክፍቶቹን ሁሉም አነበቡ። ከዚያ ወደ ባልየው ዞረች። «ሚስትዎ ይሄን ካናቴራ በእርስዎ ልክ ነው ያዘጋጀችው። የሚጡ አባት እርስዎ መሆንዎን ማወቋን ለምን ደበቁኝ?»

ባልየው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ከመሞቷ አራት ቀን ቀድሞ ራሱ እንደነገራት፣ የልደቱ ወሬ በቤቱ ውስጥ በበዛ ቁጥር ውሸቱን መሸከም ስላቃተው እንደሆነ ተናገረ። ሚስቱ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፤ ትራሷን ይዛ ወደ ሥራ ክፍሏ ገባች እንጂ። ለእህትየው መናገሩን አልነገራትም፤ ፈርቶ ነበር። ሚስቱ ስትሞት ራሷን የጎዳች መስሎት፣ ምክንያቱ እሱ መሆኑን ማንም እንዳያውቅ ዝም አለ።

ያን ጊዜ ከውጭ አንድ ፖሊስ ገብቶ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ለመርፌ ሰጣት። ሰማያዊ ጽሑፍ ያለበት ትልቅ የወንድ ካናቴራ ነበር። ከሚጡ የልብስ ሣጥን ሥር፣ በደንብ ታጥፎ ነው የተገኘው።

«ለምን አልጣልሽውም?» አለቻት መርፌ።

እህትየው እጇን ዘርግታ የካናቴራውን ፊደሎች ዳሰሰች።

«አቃተኝ» አለች። «የእጇ ሥራ ነው።»

ከዚያ ያለ ማንም ግፊት ተናገረች። «ስገባ ይሄን እያጠፈች ነበር። ትመታኛለች ብዬ ነበር። አልመታችኝም። ‹ለልደቷ ቀን ይልበሰው› አለችኝ። ‹ልጅ አባቷን ሳታውቅ አትደግ። እኔ ከመካከላችሁ እወጣለሁ፤ ግን በአደባባይ ይሁን፤ እናቴን ከዚህ በላይ አልዋሻትም።› እግሯ ላይ ወደቅሁ፣ እማዬ እንዳትሰማ ብዬ ለመንኳት። እምቢ አለች። ካናቴራውን ልነጥቃት ታገልን። ገፋኋት።»

«ወዲያው አልሞተችም» አለች መርፌ። «ሐኪሙ ነግሮኛል። ዱካውን ስታጋድሚ፣ ቫይኒሉን ስትገለብጪ፣ ማሽኑን ስትከድኚ በሕይወት ነበረች። ሰው ብትጠሪ ኖሮ ዛሬ የምንሰበሰበው ለሌላ ነገር ነበር።»

ባልየው ከመስኮቱ ሥር ተነሣ። «እኔን ነበር የምታሳስሪው» አለ፤ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

«አንተማ» አለች እህትየው ሳታየው፣ «ነግሬያታለሁ ብትለኝ ኖሮ እንደዚያ ሳላውቅ ዘው ብዬ አልገባባትም ነበር።»

ሣዪዋ አለቀሰች። እናትየው አላለቀሱም። ቀስ ብለው ተነሥተው ልጃቸው ፊት ቆሙ፤ ሊመቷትም ሊያቅፏትም ይመስሉ ነበር። አንዱንም አላደረጉም።

«የእሷን መርዶ ስትሰሚ ትከሻዬ ላይ ነው ያለቀስሽው» አሏት። «ያን ለቅሶ ከየት አመጣሽው?»

እህትየው ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ፖሊሱ ይዟት ወጣ። ባልየው ወደ አሮጊቷ ጠጋ ብሎ ሚጡን ለማየት እንዲፈቅዱለት ጠየቀ።

«አባትነትህን አንድ ዓመት ደብቀህ ኖርክ» አሉት። «ልጅቷ ስትጠይቅህ ትመልስላታለህ። ዛሬ ግን ሁለት ልጆቼን ወስደሃል፤ ከፊቴ ዞር በል።»

ፍርዱ ወራት ወሰደ። እህትየው አሥራ አንድ ዓመት ተፈረደባት። ባልየው የሰርቪስ ሥራውን ትቶ ሌላ ከተማ ሄደ፤ ለሕፃኗ ልብስና ደብዳቤ ይልካል፤ አሮጊቷ ልብሱን ያለብሷታል፣ ደብዳቤውን ሳይከፍቱ ያስቀምጣሉ። ማሽኑን ሣዪዋ ልትወስደው ተስማምታ ነበር፤ ልታነሣው መጥታ አልቻለችም፤ ለማታውቀው ሰው ተሸጠ።

መርፌ አንዳንዴ በዚያ ስታልፍ አሮጊቷን ሰላም ትላለች። ወደ ወህኒ ቤቱ ሄደው እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቀቻቸው። ሁለት ጊዜ ሄደው፣ ሁለቱንም ጊዜ ተራቸው ሳይደርስ ከሰልፉ ወጥተው እንደተመለሱ ነገሯት። በሦስተኛው ግን ገቡ። ሽቦው ግራና ቀኝ እናትና ልጅ ብዙ ደቂቃ ዝም ብለው ተያዩ። ስለ ሟቿ ቢያነሡ አይችሉትም፤ ይቅር ብዬሻለሁ ቢሉ ውሸት ይሆናል፤ እርግማኑንም አፋቸው ላይ አጡት። ጠባቂው ሰዓቱ ማለቁን ሲነግራቸው ነው አንድ ነገር ያገኙት።

«ሚጡ መራመድ ጀመረች» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።